የሚያስገባው ወረቀትና የሚያኖረው ወረቀት

በ1924 የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለየአገሩ የዓመት ኮታ ሲደለደል ለኢትዮጵያ የደረሳት 100 ቦታ ነበር። ለጀርመን በዚያው ድልድል 51,227 ተሰጥቷል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ለይተን ካልጠቀስን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መቶው ቦታ ሕጉ ለአንድ አገር ከሚሰጠው ኮታ ሁሉ ያነሰው ነው። ሰው አሜሪካ ሄዶ መኖር መቻል አለመቻሉ ከሙያውና ከዘመዱ ይልቅ በተወለደበት ምድር የሚወሰንበት ዘመን ነበር።

ይህ ሥርዓት 41 ዓመት ቆየ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ኦክቶበር 3 ቀን 1965 ኒውዮርክ ላይ ከነፃነት ሐውልት ሥር ተቀምጠው የፈረሙት ሕግ የትውልድ አገር ኮታን ሻረና የቤተሰብ ትስስርንና ሙያን መመዘኛ አደረገ። በ1980 የስደተኞች ሕግ ወጣ፤ ከደርግ ሸሽተው በሱዳን በኩል የተሻገሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሜሪካ የገቡት በእሱ ነው። በ1990 ደግሞ ዛሬ ዲቪ የምንለው ዕጣ ተጨመረ። ዕጣው ሲታሰብ በሕግ አውጪዎቹ ዓይን ፊት የነበሩት በዋናነት አየርላንዳውያን ነበሩ፤ ከ1992 እስከ 1994 በቆየው የሽግግር ፕሮግራም 40 በመቶው ቦታ ለእነሱ ተይዞ ነበር። ለአየርላንድ ልጆች ተብሎ የተከፈተው በር ከ1995 ወዲህ ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ፣ ከጎንደርና ከሐዋሳ ስንቱን ቤተሰብ አሳልፏል።

በሩ ጠበበም ሰፋ፣ ከዚያ ወዲህ በሐበሻ ቤቶች አንድ ስሕተት ይደጋገማል። ቤተሰቡ ገንዘቡን፣ ጸሎቱንና ጭንቀቱን ሁሉ በቃለ መጠይቁ ቀን ላይ ያውላል፤ ቪዛው ከተመታ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ቪዛና ነዋሪነት ግን የተለያዩ መብቶች ናቸው፤ የሚሰጧቸው መሥሪያ ቤቶች የተለያዩ ናቸው፣ የሚታጡበት ምክንያትም የተለያየ ነው። ተከልክሎ ከቀረው ሰው ይልቅ፣ አግኝቶ ሳያውቀው ያጣው ሰው ታሪክ የበለጠ ያሳዝናል፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ገጽ መመሪያ ያድነው ነበርና።

ቪዛ የሚሰጠው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ በኢትዮጵያ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው ኤምባሲ በኩል። ቪዛው የሚሰጠው መብት አንድ ነው፤ አውሮፕላን ተሳፍሮ እስከ መግቢያው በር ደርሶ "ልግባ" ብሎ መጠየቅ። ማስገባት የሌላ መሥሪያ ቤት፣ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃው ሥልጣን ነው። በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው መኮንን ቪዛ የያዘን ጎብኚ ጠይቆ ሊመልስ ይችላል። ካስገባው ደግሞ አይ-94 በሚባለው የመግቢያ መዝገብ ላይ እስከ መቼ መቆየት እንደሚችል ይጽፍለታል። ተጓዡ በዓይኑ ሊይዘው የሚገባው ይህን ቀን ነው።

ልዩነቱ በቅርቡ በግልጽ ታይቷል። በጁላይ 2025 አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጣቸውን አብዛኞቹን ጊዜያዊ ቪዛዎች ለ3 ወር ብቻ የሚያገለግሉና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገቡ አደረገቻቸው። ይህን ሰምቶ "እንግዲህ ልጄ ዘንድ የምቀመጠው 3 ወር ብቻ ነው" የሚል አባት ይሳሳታል። ሦስቱ ወራት በሩን ለማንኳኳት የተሰጡ ናቸው። በመጨረሻዋ ቀን የገባ ጎብኚ እንኳ እንደ ልማዱ 6 ወር ሊፈቀድለት ይችላል። ተቃራኒው ስሕተት ደግሞ የከፋ ነው። ቪዛው ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል ብሎ አይ-94 ላይ የተጻፈውን ቀን ያሳለፈ ሰው ያ ቪዛ ወዲያው ዋጋ ያጣበታል። ያለፈቃድ ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ ከወጣ ለ3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ከወጣ ለ10 ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል፤ ይህ በ1996 የወጣ ሕግ ነው።

ለጎብኚና ለተማሪ ቪዛ ቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ። በሕጉ አንቀጽ 214 ቢ መሠረት ቆንስሉ አመልካቹን ለመኖር እንደሚሄድ ሰው አድርጎ መቁጠር አለበት፤ ይህን ግምት ማፍረስ የአመልካቹ ፈንታ ነው። ስለዚህ ወረቀት መቆለል ብቻውን አይረዳም። ሥራው፣ ትዳሩ፣ ንብረቱና የጉዞው ምክንያት በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ እርስ በርስ ተያይዘው መታየት አለባቸው። በዚህ አንቀጽ የተከለከለ ሰው ይግባኝ የለውም፤ ሁኔታው ሲለወጥ ግን እንደገና ከማመልከት የሚያግደው የለም። ለዘለቄታው የሚያግደው ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ነው። የደላላ የባንክ ደብተርና የተሠራ የሥራ ደብዳቤ አንድ ጊዜ ከተያዘ፣ ከዓመታት በኋላ የገዛ ልጁ ወይም የትዳር ጓደኛው ሲያመለክትለት እንኳ ያ መዝገብ ይነሣበታል።

አሁን ወደሚያኖረው ወረቀት እንለፍ።

ግሪን ካርድ የቋሚ ነዋሪነት መታወቂያ ነው። የያዘው ሰው ያለ ጊዜ ገደብ ይኖራል፣ በፈለገው ሥራ ይሠራል፣ ወጥቶ ይገባል። ወደ እሱ ከሚያደርሱት መንገዶች ሰፊው ቤተሰብ ነው፤ ቤተሰብ ሲባል ግን ሕጉ የሚያስበውና እኛ የምናስበው ለየቅል ናቸው። አሜሪካዊ ዜጋ ለባሉ ወይም ለሚስቱ፣ ላላገቡና 21 ዓመት ላልሞላቸው ልጆቹ፣ ራሱ 21 ከሞላው ደግሞ ለእናትና አባቱ ሲያመለክት የቁጥር ገደብ የለበትም፤ ጊዜ የሚፈጀው የወረቀቱ ሂደት ብቻ ነው። ከዚህ ውጭ ሕጉ የሚቀበለው ዘመድ ሁሉ ወረፋ ይገባል። ለወረፋው በዓመት ቢያንስ 226,000 ቦታ ተመድቧል፤ ከዚያ ውስጥ ለወንድምና ለእኅት የተያዘው 65,000 ነው፣ ለዓለም ሁሉ። ለወንድም የተሞላ ማመልከቻ ከ15 ዓመት በላይ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። ታናሽ ወንድሙ ማትሪክ ሲፈተን ያመለከተለት ሰው ቪዛው የሚደርሰው ወንድምዬው ልጆቹን ትምህርት ቤት በሚያመላልስበት ዕድሜ ነው።

ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ማመልከት የሚችለው ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ ነው። ለእናቱ አይችልም፤ ለእኅቱ አይችልም። በዚህ ላይ "ላላገቡ" የምትለዋ ቅድመ ሁኔታ ስንቱን ቤት አሳዝናለች። አባቷ ግሪን ካርድ ይዞ ያመለከተላት የ24 ዓመት ልጅ ወረፋዋ ሳይደርስ ካገባች ማመልከቻው ይወድቃል፤ በኋላ ብትፋታ እንኳ ያው መዝገብ ተመልሶ አይነሣም። አባትየው ዜግነት ከወሰደ በኋላ ብታገባ ግን ወደ ሌላ፣ ረዘም ወዳለ ወረፋ ትዛወራለች እንጂ ሁሉን አታጣም። እዚህ ላይ አዋቂ የሆነ ዘመድ የሠርጉን ቀን ከመቁረጡ በፊት የአባትየውን የዜግነት ማመልከቻ ቢያፋጥን ስንት ዓመት ያተርፋል! ሽማግሌ ልኮ፣ ተክሊል አድርሶ፣ ማዘጋጃ ቤት አልፈረምንም ማለትም መውጫ አይሆንም፤ ቆንስሉ ትዳር መኖሩን ካወቀ ጉዳዩ ከመዘግየት አልፎ የሐሰት ቃል ይሆናል።

ሌላው ወጥመድ የሚያጋጥመው እናቱን የሚያስመጣው ልጅ ነው። ዜጋ ለእናቱ ሲያመለክት ጉዳዩ ፈጥኖ ይሄዳል፤ ነገር ግን ማመልከቻው የእናትየውን ሌሎች ልጆች ይዞ አይሄድም። ቤት ውስጥ የ12 ዓመት ታናሽ ካለ እናት ቪዛዋን ይዛ ብቻዋን ቦሌ ትሄዳለች፣ ልጁ ይቀራል። እሷ ከገባች በኋላ ልታመለክትለት ትችላለች፣ ወረፋው ግን ከዚያ ቀን ይጀምራል። ይህን ቀድሞ ያወቀ ቤተሰብ ማን ከልጁ ጋር እንደሚቆይ ይመክራል፤ ያላወቀው በቃለ መጠይቁ ዕለት ይሰማል።

ዕድሜ ከወረፋ ጋር ሲሽቀዳደም ምን እንደሚሆን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 የወሰነበት አንድ ጉዳይ ያሳያል። አሜሪካዊት ዜጋ የሆነች እናት በ1998 ለኤል ሳልቫዶር ተወላጅ ልጇ አመለከተች፤ የልጇ ልጅ፣ ያኔ የ13 ዓመት ታዳጊ፣ አብሮ ተመዘገበ። ማመልከቻው በአንድ ወር ጸደቀ። ወረፋው ግን የደረሰው በኖቬምበር 2005 ነበር፤ ልጁ በዚያው ዓመት በጁላይ 21 ሞልቶት ነበር። አራት ወር! በ2002 የወጣው የልጆችን ዕድሜ የሚጠብቅ ሕግ ማመልከቻው በመንግሥት እጅ ሳይጸድቅ የቆየበትን ጊዜ ከዕድሜ ላይ ይቀንሳል፤ በወረፋ የተጠበቀውን ግን አይቀንስም። ቤተሰቡ የቀድሞው የወረፋ ቀን ለልጁ ይያዝለት ብሎ ተከራከረ፤ ዳኞቹ 5 ለ4 ሆነው አልተቀበሉም።

ኢትዮጵያውያን በዚህ ሩጫ ውስጥ የራሳቸው ተጨማሪ ሸክም አለባቸው፤ የዘመን አቆጣጠር። ሚሊኒየሙ የተከበረበት ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ እንውሰድ። በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው፤ 21 የሚሞላው በ2028 ነው። ፎርም የሞላው ሰው "2000" ብሎ እንዳለ ከጻፈው ግን ልጁ በ2021 ከልጅነት ወጥቷል ማለት ነው፤ ከቤተሰቡ ማመልከቻም ይወጣል። በአንዱ ሰነድ 2000፣ በሌላው 2007 ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ቆንስሉ የትኛውን ይመን? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2016 በመሆኑ አብዛኛው ጎልማሳ ሲወለድ የተሰጠው ማስረጃ የለውም፤ የልደት ካርዱን ያወጣው ዘግይቶ፣ በቃል፣ ወረዳ ቀርቦ ነው። ስምም እንዲሁ ያስቸግራል። አንዱ "ፀሐይ" በላቲን ፊደል በፓስፖርት፣ በትምህርት ማስረጃና በጋብቻ ወረቀት ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚገባ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ በፎርሙ ላይ የማይዛመዱ ይመስላሉ። ማስተካከያው ውድ አይደለም፤ ፎርም ከመሞላቱ በፊት ሰነዶችን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ፓስፖርቱን መሠረት አድርጎ ማስታረቅ ነው። ከቀጠሮ በኋላ ከሆነ ግን ወራት ይበላል።

ዲቪን በተመለከተ ከሕልሙ ይልቅ ሒሳቡን ማወቅ ይጠቅማል። ሕጉ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ ይፈቅዳል፤ ከአንድ አገር ከ7 በመቶ በላይ መውሰድ አይቻልም፤ ባለፉት 5 ዓመታት ከ50,000 በላይ ሰው በቤተሰብና በሥራ የላከ አገር ጭራሽ አይገባበትም፤ ናይጄሪያ የወጣችው በዚህ ነው። ዕጣው የሚያወጣው ሰው ቁጥር ከቪዛው ቁጥር በእጅጉ ይበልጣል፣ ብዙው በመንገድ ይቀራልና። ስለዚህ "ዲቪ ደረሰው" የተባለ ሰው የደረሰው ተራ ቁጥር ነው። የበጀት ዓመቱ በሴፕቴምበር 30 እኩለ ሌሊት ሲዘጋ ያላለቀ ጉዳይ ሁሉ አብሮ ይዘጋል፤ ወደ ቀጣዩ ዓመት አይተላለፍም። በኤፕሪል 2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የኢሚግራንት ቪዛ እንዲታገድ ባዘዙ ጊዜ ሺዎች ይህን በራሳቸው አይተውታል፤ ጊዜው ሲያልቅባቸው ፍርድ ቤት ሄደው ነው ጥቂቱ ቪዛ እንዲጠበቅላቸው የተወሰነው። ከዚያ ቀደም በ2011 ኮምፒዩተሩ አብዛኞቹን ዕድለኞች ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የምዝገባ ቀናት ብቻ እንደመረጠ ሲታወቅ ወደ 22,000 ለሚጠጉ ሰዎች የተነገረው ውጤት ተሰርዞ ዕጣው እንደገና ወጥቷል። በዲሴምበር 2025 ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲቆም መንግሥት አስታውቋል። ይህ ሁሉ አንድ ነገር ያስተምራል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ሳይመታ ሥራውን መልቀቅ፣ ቤቱን መሸጥ የለበትም።

ዲቪ የሚያስፈልገው ትምህርት 12ኛ ክፍልን በተሟላ ሁኔታ መጨረስ ወይም ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ 2 ዓመት መሥራት ነው። ከትምህርቱ ይልቅ ሰው የሚወድቀው በቤተሰብ ዝርዝሩ ነው። በምዝገባው ዕለት ያለ የትዳር ጓደኛና 21 ያልሞላው ልጅ ሁሉ፣ አብሮ ባይሄድም፣ መመዝገብ አለበት። አንድ ልጅ መዝለል መላውን ቤተሰብ ያስቀራል። ኢንተርኔት ቤት ሄዶ ያስሞላ ሰው ደግሞ የማረጋገጫ ቁጥሩን ራሱ ይያዝ። ቁጥሩን ደብቆ ዕጣው ሲወጣ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ አልፎም "ይህችን ልጅ አግብተህ ይዘሃት ሂድ፣ ወጪህን እሷ ትከፍላለች" የሚል ደላላ አለ። የወረቀት ጋብቻ የተያዘበት ሰው በሕይወቱ ሙሉ በየትኛውም ዘመድ ማመልከቻ ግሪን ካርድ ሊከለከል ይችላል። ለአንድ ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ተብሎ የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

ስፖንሰር መሆንም በፊርማ ብቻ የሚያልቅ ውለታ ተደርጎ ይታያል። በቤተሰብ ማመልከቻ የሚፈረመው አይ-864 በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ውል ነው፤ ፈራሚው ገቢው ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ መድረሱን ያሳያል፣ የመጣውን ሰው በዚያ ልክ ሊደግፍ ይገደዳል። ውሉ የሚያበቃው የመጣው ሰው ዜጋ ሲሆን፣ ወይም ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ሥራ ሲቆጠርለት፣ ወይም ነዋሪነቱን ትቶ ከአገር ሲወጣ፣ ወይም ሲሞት ነው። ፍቺ አያስቀረውም። በዕድር ስብሰባ ላይ "አንተ ገቢህ ጥሩ ነው፣ ለወንድማችን ሚስት ፈርምልን" ሲባል አንገቱን ነቅንቆ የሚፈርም ሰው ይህን አንብቦ ይፈርም።

ቪዛው ተመትቶ ኢሚግራንቱ ሲገባ፣ መግቢያው ላይ ማኅተም ከተደረገበት ሰዓት ጀምሮ ነዋሪ ነው። ካርዱ በፖስታ እስኪመጣ ማኅተሙ ለአንድ ዓመት ያገለግላል። በትዳር የገባ ሰው ግን በዚያ ዕለት ትዳሩ 2 ዓመት ካልሞላው የሚሰጠው ካርድ የ2 ዓመት ነው፤ ነዋሪነቱ ሁኔታ አለበት። ካርዱ ሊያልቅ በቀሩት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስት በጋራ አይ-751 የተባለውን ፎርም ካላስገቡ ነዋሪነቱ ይወድቃል። ይህን ሕግ ያመጣው የወረቀት ጋብቻን ለመግታት በ1986 የወጣ አዋጅ ነው፤ ዳፋው ግን በእውነት ያገቡ ሴቶች ላይም ደርሷል። "እኔ ካልፈረምኩልሽ ትባረሪያለሽ" እያለ የሚያስፈራራ፣ የሚደበድብ ባል አለ። ይህ ማስፈራሪያ በሕግ ዋጋ የለውም። የተደበደበች ወይም የተሰቃየች ሚስት፣ ባልም ቢሆን፣ የባለቤቷ ፊርማ ሳያስፈልጋት ብቻዋን ማመልከት ትችላለች፤ ጊዜውም የ90 ቀኑን መስኮት ሳይጠብቅ። የተፋታችም ጋብቻው እውነተኛ እንደነበር አሳይታ ትችላለች። ይህችን አንቀጽ የሚያነብ ሰው በዚህ ሁኔታ ያለች እኅት ካወቀ ዛሬውኑ ይንገራት።

የ10 ዓመቱን ካርድ የያዘውም ቢሆን ጨርሶ አልተረፈም። በብዛት የሚጎዱት ልጆቻቸው ያስመጧቸው እናቶችና አባቶች ናቸው። ሜሪላንድ ወይም ሚኒሶታ ክረምቱን በር ተዘግቶባቸው ይቀመጣሉ፤ ቋንቋው የለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በመኪና ካልሆነ አይደረስ፣ ጎረቤት አያንኳኳ። ስለዚህ አገር ቤት ይመለሳሉ፣ ከዚያ ካርዱ እንዳይቃጠል በዓመት አንዴ ብቅ ይላሉ። ግሪን ካርድ ግን የመመላለሻ ትኬት አይደለም፤ ኑሮው አሜሪካ ለሆነ ሰው የተሰጠ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ከአገር የራቀ ሰው ካርዱ ብቻውን አያስገባውም። ከ6 ወር በላይ መራቅ ደግሞ ለዜግነት የሚቆጠረውን ጊዜ ሊያቋርጥ ይችላል፤ መግቢያውም ላይ ጥያቄ ያስነሣል። ረጅም ጉዞ ያሰበ ሰው ከመሄዱ በፊት፣ አሜሪካ ውስጥ ሳለ፣ እስከ 2 ዓመት የሚያገለግል የመመለሻ ፈቃድ ማመልከት አለበት። እናት በረጅም በረራ ደክማ ስትደርስ መኮንኑ አይ-407 የተባለ ወረቀት አቅርቦ "ነዋሪነትዎን ትተዋል፣ ይፈርሙ" ቢላት የመፈረም ግዴታ የለባትም። አልፈርምም ብላ ጉዳይዋ በኢሚግሬሽን ዳኛ እንዲታይ መጠየቅ ትችላለች። ይህን እያንዳንዱ ልጅ ለእናቱ በቃል ሊያስጠናት ይገባል።

ነዋሪነት በሌላም ይታጣል። ጫት አገር ቤት የሚሸጥ የሚለወጥ ነገር ነው፤ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን በውስጡ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተከለከለ ነው። በሻንጣ የተያዘች ጥቂት እስር ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እስከ መባረር ልታደርሰው ትችላለች። ማሪዋና በብዙ ስቴቶች ቢፈቀድም ኢሚግሬሽን የሚመለከተው የፌዴራሉን ሕግ ነው። መንጃ ፈቃድ ሲወጣ "ዜጋ ነህ? ለምርጫ ትመዘገባለህ?" የሚለውን ጥያቄ ሳያስተውል "አዎ" ያለም ሰው አለ፤ ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት መመዝገብ ከከባዶቹ ጥፋቶች አንዱ ነው። አድራሻ ሲለወጥ በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ ገቢን በየዓመቱ እንደ ነዋሪ ማሳወቅ፣ ከ18 እስከ 25 ያለ ወንድ ለወታደራዊ ምልመላ መመዝገቡ፣ እነዚህ ትንንሽ የሚመስሉ ግዴታዎች በዜግነት ቃለ መጠይቅ ላይ ይጠየቃሉ።

ያም ሆኖ ይህ ነዋሪነት ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ለመረዳት ወደ ባሕረ ሰላጤው ማየት ይበቃል። በሳዑዲ ዓረቢያ ለሠራተኛ የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ፣ "ከፊል" ከሚባለው አሠሪው ጋር የተሳሰረ ነው፤ አሠሪው ካላደሰው ሠራተኛው ሕገ ወጥ ይሆናል፣ ሃያ ዓመት ቢኖርም ወደ ቋሚ ነዋሪነት አይሻገርበትም። ከኖቬምበር 2013 ጀምሮ በወራት ውስጥ ከ100,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚያ ሲመለሱ ብዙዎቹ ለዓመታት የሠሩበትን ቤትና ደመወዝ ጥለው ነው የመጡት። በአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው አሠሪው ሊያባርረው አይችልም፤ ከሥራ ቢያወጣው ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ለመባረር ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት።

የዚህ መንገድ መጨረሻ ዜግነት ነው። ከ5 ዓመት ነዋሪነት በኋላ፣ ከዜጋ ጋር ተጋብቶ አብሮ ለሚኖር ከ3 ዓመት በኋላ ይቻላል፤ ከ5ቱ ዓመት ቢያንስ 30 ወር በአካል አሜሪካ ውስጥ መገኘት ያስፈልጋል። ዕድሜያቸው 50 አልፎ 20 ዓመት፣ ወይም 55 አልፎ 15 ዓመት በነዋሪነት የኖሩ ሰዎች የእንግሊዝኛ ፈተናው ይቀርላቸዋል፤ የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን በአስተርጓሚ በአማርኛ ይመልሳሉ። ወላጅ ዜጋ ሲሆን ከእሱ ጋር የሚኖሩ ግሪን ካርድ ያላቸው 18 ያልሞላቸው ልጆቹም ያለ ፈተና ዜጎች ይሆናሉ። በሌላው ወገን የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/2003 ጥምር ዜግነትን ስለማይቀበል፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል፤ አገር ቤት ለመግባት፣ ለመሥራትና ለመኖር ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ያወጣል። ምርጫው የልብ ምርጫ ስለሆነ ማንም ለማንም አይወስንም። ነገር ግን ወረፋ ላይ ያላገባች ልጅ ወይም አገር ቤት የቀረች እናት ያለው ሰው፣ ዜግነቱን ባዘገየ ቁጥር የእነሱን ዓመታት እያዘገየ መሆኑን ይወቅ።

ካርዱ ያለዎት አንባቢ አሁን አውጥተው ይመልከቱት። ሁለት ቀኖች አሉበት፤ ነዋሪ የሆኑበትና ካርዱ የሚያልቅበት። በመካከላቸው 2 ዓመት ብቻ ካለ፣ ከማብቂያው ቀን 90 ቀን ወደ ኋላ ቆጥረው ቀን መቁጠሪያዎ ላይ ምልክት ያድርጉ። 10 ዓመት ካለ፣ ከመጀመሪያው ቀን 5 ዓመት ወደ ፊት ይቁጠሩና ከዚያ 90 ቀን ይቀንሱ፤ የዜግነት ማመልከቻዎን ማስገባት የሚችሉት ከዚያ ዕለት ጀምሮ ነው። ገና በወረፋ ላይ ያሉ ደግሞ ሕጉ በአንድ ሌሊት ሊለወጥ ስለሚችል፣ ለደላላ አንድ ብር ከመክፈልዎ በፊት የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትንና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱን ድረ ገጾች ራስዎ ይክፈቱ። የሚያነቡት በነፃ ነው።